ለመሆኑ የተተረጎመ ቃል ባለቤቱ ማን ነው?

የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ወደ ይፋት ቆላ የሚወርድ መንገደኛ፣ ጋቢውን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ የሚያኖርበት አንድ ጥምዝ አለ። ብርዱ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ሙቀቱም እዚያው ይቀበለዋል። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ደግሞ ሸሚዙም ይከብደዋል። በጥር ወር 2012 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ወደ ትውልድ አገሬ ስወርድ ለአጎቴ የገዛሁላቸውን የንባብ መነጽር ይዤ ነበር። አጎቴ ያገኙትን ወረቀት ሁሉ ማንበብ ይወዳሉ፤ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ ሳይቀር ዘርግተው ያነባሉ። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝም ይኸው የንባብ ፍቅራቸው ነው።

ቤት ስደርስ አጎቴን ዓይናቸው በርበሬ መስሎ፣ እርጥብ ጨርቅ ግንባራቸው ላይ ጣል አድርገው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የ12 ዓመት ልጃቸው ሁለት ቀን ሲያስመልሰው ሰንብቶ ከጤና ጣቢያ የተመለሰው በዚያው ጠዋት ነበር። ምን አገኛችሁ ብዬ ስጠይቅ «የሽንኩርት መድኃኒት» አሉኝ። (የአገራችን ገበሬ የተባይ መርዙን «መድኃኒት» ብሎ ነው የሚጠራው። ይህ ራሱን የቻለ የትርጉም ጣጣ ነውና ለሌላ ጊዜ ይቆየን።)

አጎቴ በሮቢ ወንዝ መስኖ ሽንኩርት ያለማሉ፤ በክረምቱ ዝናብ ደግሞ ማሽላና ማሾ። በዚያ ዓመት ሽንኩርቱን ተባይ ገባበትና ከከተማው የግብርና ዕቃ ሱቅ አንድ ጠርሙስ መድኃኒት ገዙ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፤ አብሮ የተሰጣቸው ወረቀት ግን በአማርኛ የተጻፈ የአጠቃቀም መመሪያ ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት ከዚያ በፊት አጋጥሟቸው አያውቅም፤ ደስ አላቸው። አነበቡት። እንዳዘዛቸውም ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ መርጫውን በጀርባቸው አዝለው ማሳ ወረዱ። ጨረቃ አልነበረችም። ልጁ ባትሪ ይዞ ፊት ፊታቸው ይሄዳል፤ እሳቸው ከኋላ ከኋላ ይረጫሉ። ነፋሱ መርዙን ወዴት እንደሚወስደው በጨለማ አይታይም። የወሰደው ወደ ልጁና ወደ ራሳቸው ፊት ነው።

«ጋሼ፣ ምነው በሌሊት?» አልኳቸው።

«ወረቀቱ ነዋ ያለኝ!» አሉና ከሳጥናቸው አውጥተው ሰጡኝ። «ከጠዋቱ 10 ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይርጩ» ይላል። «የጠዋት 10 የሚባል ሰዓት እኛ አገር የለም። ብዙ አሰብኩበት። ሌሊቱን ለማለት ይሆናል ብዬ ተውኩትና የምሽቱን ያዝኩ» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ያችን ዐረፍተ ነገር ከአጎቴ በፊት አውቃታለሁ። ከአምስት ወር በፊት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ለአንድ የትርጉም ድርጅት በምሠራበት ኮምፒዩተር ላይ አይቼ ያሳለፍኳት እኔ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋ። በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ከያዝኩ ወዲህ በቋሚነት ተቀጥሬ የሠራሁት ጥቂት ነው። የምኖረው ለመጽሔት እየጻፍኩ ነው፤ መጽሔት ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ቀዳዳውን የምሸፍነው በትርጉም ሥራ ነው። ከምሠራላቸው ድርጅቶች አንዱ በ2011 ዓ.ም. ተርጓሚዎቹን ሰብስቦ «አሠራራችንን ዘመናዊ አድርገናል» አለን። ሻይና ብስኩት ቀርቦ ነበር። ብስኩቱን በልተን ስንወጣ የገጽ ክፍያችን ከሦስት እጁ ሁለቱ ተቀንሶ ነበር።

አሮጌው አሠራር እንዲህ ነበር። አንድ ሰው ይተረጉማል፤ ሌላ ሰው ከእንግሊዝኛው ጋር እያመሳከረ ያርማል፤ ሦስተኛው ለሕትመት ያነባል። አዲሱ አሠራር ሁለት ነገሮችን አመጣ። የመጀመሪያው የትርጉም ማኅደር የሚሉት ፕሮግራም ነው። ከዚህ በፊት የተተረጎመን እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ከነእንግሊዝኛው አስቀምጦ ይይዝና ተመሳሳዩ ሲመጣ «ይኸው፣ አለኝ» ብሎ ያቀርባል። በአውሮፓ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተለመደ ነገር ነው፤ እኛ ዘንድ ዘግይቶ መጣ እንጂ ክፉ ፈጠራ አይደለም። ሁለተኛው የትርጉም ማሽኑ ነው። ጉግል አማርኛን በማሽኑ ውስጥ ያስገባው በየካቲት 2008 ዓ.ም. ነበር። በመጀመሪያው ሰሞን እርስ በርስ እያነበብን ሆዳችንን ይዘን የሳቅንበት ማሽን በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ሰው የሚመስል አማርኛ መጻፍ ጀመረ። ለአማርኛ ተዘጋጅተው ከሚገኙት ትይዩ ጽሑፎች ብዙዎቹ የመጽሐፍ ቅዱስና የሃይማኖት ጽሑፎች በመሆናቸው፣ ስለ ማዳበሪያ ሲናገር እንኳ አልፎ አልፎ የነቢይ ቃና ያመልጠዋል። ቢሆንም ዐረፍተ ነገሩ ይቆማል፤ ግሡም ቦታው ላይ ነው።

እንግዲህ ማሽኑ ይተረጉማል፤ እኛ እናርማለን። በቀን 8 ገጽ እተረጉም የነበርኩት ሰውዬ በቀን 30 ገጽ «አራሚ» ሆንኩ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው 17100 የተባለው ደረጃ፣ አንድ ትርጉም ከተርጓሚው ሌላ በሆነ ሰው ከምንጩ ጋር ተመሳክሮ መታረም አለበት ይላል። ማሽን የተረጎመውን ስለማረም ደግሞ 18587 የሚባል ሌላ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። የእኛ ድርጅት ከሁለቱም የሚመቸውን ወሰደ። ማሽኑ ተርጓሚ ነው ከተባለ ሁለተኛው ሰው እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ከእኔ በኋላ ማንም የለም። የሚገርመው ግን በወረቀት ላይ ሲታይ አሠራሩ ከድሮው የበለጠ ጥብቅ ይመስላል። እያንዳንዱን ገጽ ስጨርስ «አመሳክሬ አርሜያለሁ» የሚል ሳጥን ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ሳጥኑ ምልክት ካልተደረገበት ፋይሉ አይላክም።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። እንግሊዝኛው የፈለገው ፀሐይ ሳትበረታ ጠዋት፣ አለዚያም ሙቀቱ ሲበርድ ከሰዓት በኋላ እንዲረጭ ነው። በቀትር ሙቀት መድኃኒቱ ይተናል፤ ንቦችም አበባ ላይ ናቸው። የእነሱ የጠዋት 10 የእኛ የጠዋት 4 ነው። የእነሱ የከሰዓት 4 ደግሞ የእኛ 10 ሰዓት። ቁጥሮቹ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። ማሽኑ ግን ቃላቱን ተረጎመና ቁጥሮቹን እንዳሉ ተዋቸው፤ ቁጥር አይተረጎምም ብሎ ያምናልና። እንዲህ የሚያምነው ማሽኑ ብቻ አይደለም። በጠርሙሱ ላይ የመጠቀሚያው ጊዜ የሚያልፈው በ2018 ነው ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ቢታተም፣ በ2012 ዓ.ም. ለሚገዛው የይፋት ገበሬ ገና 6 ዓመት የቀረው መስሎ ይታየዋል። ዕቃው ግን ያለፈበት ነው። ይህን ያህል ዓመት ከፈረንጅ ጋር ስንነግድ ለዚህች ነገር መላ አለማበጀታችን ይገርመኛል።

እኔስ? አላየሁም ብል ውሸት ይሆናል። ከዚያ በፊት በሌላ ሥራ ላይ ተመሳሳይ ሰዓት አጋጥሞኝ 10ን 4 ብዬ አስተካክዬው ነበር። ፕሮግራሙ በቀይ አሰመረበት፤ «ቁጥሩ ከምንጩ ጋር አይመሳሰልም» አለ። ፋይሉም ተመለሰልኝ። ስልክ ደውዬ የኢትዮጵያ ሰዓት መሆኑን አስረዳሁ፤ አንድ ወጣት ሠራተኛ በትሕትና «ገብቶኛል ጋሼ፣ ግን ቀዩ ካልጠፋ ሲስተሙ አያሳልፈውም» አለኝ። ግማሽ ቀኔ በከንቱ ሄደ፤ ክፍያውም በገጽ ነው። ከዚያ ወዲያ ቁጥር መንካት ተውኩ። የተባይ መድኃኒቷ ወረቀት በመጣች ጊዜ ዓይኔ ቁጥሮቹ ላይ አርፎ ነበር፤ እጄ ግን ወደ ሳጥኑ ሄዶ ምልክት አደረገ። በዚያ ቀን የስንተኛው ገጽ እንደነበረ አላስታውስም፤ መምሸቱን አስታውሳለሁ።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ይህን ጥያቄ በዚያ ምሽት በአጎቴ ቤት መደብ ላይ ተጋድሜ ስገለባብጠው አደርኩ። አስመጪው ነጋዴ ለትርጉም ገንዘብ ከፍሏል። ድርጅቱ አራሚ መድቧል፤ የአራሚው ምልክትም በእጁ አለ። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች የትርጉም ውጤቱ ሊሳሳት እንደሚችል አስቀድመው ተናግረዋል። ማተሚያ ቤቱ የተሰጠውን አትሟል። ባለ ሱቁ የተላከለትን ሰጥቷል። እኔም በገጽ የምከፈለው ይህን ያህል ነው እላለሁ። ሁሉም ሰው ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም እውነት ነው። ሁሉም ምክንያት እውነት ሆኖ ሳለ አንድ ልጅ ጤና ጣቢያ ተኝቷል። ድሮ ስሕተት ሲሠራ ቢያንስ የሚሸማቀቅ ሰው ነበረ።

በልጅነቴ በሸዋ ሮቢት የከብት ገበያ አንድ አስተርጓሚ ነበሩ፤ አሁንም በሕይወት አሉ። አርጎባ ናቸው። አርጎብኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ እንደ ውኃ ነው የሚጠጡት። ከቆላው ፍየልና ግመል ነድቶ የሚመጣው አፋር እና ከደጋው የሚወርደው ነጋዴ የሚገናኙት በእሳቸው አፍ ነበር። ቦታቸው አንድ የግራር ዛፍ ሥር ነው። እኛ ልጆቹ የምንወደው እጃቸውን ሲያወናጭፉ ማየት ነበር፤ የአንዱን ቁጣ ወደ ሌላው ሲያሻግሩ ራሳቸው የተቆጡ ይመስሉ ነበር። አንድ ጊዜ በአንዲት ላም ዕድሜ ላይ ቃል ተዛባ ተብሎ ጠብ ተነሣ። ገዢው በሚቀጥለው ገበያ ላሟን እየጎተተ መጥቶ ዛፉ ሥር ቆመ። ማንንም አልፈለገም፤ ሻጩንም አልፈለገም፤ እሳቸውን ነው የፈለገው። ሽማግሌ ተቀመጠና ከድለላቸው ከፍለው ታረቁ። ያ ገበያ ዘመናዊ አልነበረም። መዝገብም፣ ደረጃም፣ የሚታሰርበት ሳጥንም አልነበረውም። የነበረው ዛፍ ነው። የተሳሳተ ቃል የደረሰበት ሰው ተመልሶ የሚሄድበት ቦታ ነበረው።

በዚሁ አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን፣ ደሴን አልፈው ቢሄዱ ውጫሌን ያገኛሉ። የውጫሌን ውል የማያነሣ የትርጉም ወሬ እኛ አገር የለምና እኔም ላንሣው፤ ነገር ግን ስለ አንዲቷ ግሥ ሳይሆን ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በአንቀጽ 17 ላይ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል በጣልያንኛው ግዴታ ማድረጉን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሁለቱ ቅጂዎች እኩል ሥልጣን እንዲኖራቸው መደረጉን ነው። ለዚህም ነው ምኒልክ የአማርኛቸውን ቃል ይዘው «እኔ ያልኩት ይህ ነው» ለማለት የቻሉት። ሁለት ባለቤት ያላቸው ሁለት ቃሎች ነበሩ፤ ሙግቱም እስከ ዓድዋ ደረሰ። በመካከላቸው ያስተረጎሙት ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ግን ከታሪክ መጻሕፍት ገጽ በስተቀር ማን ያስታውሳቸዋል? ስማቸው መታወቁ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ያንን የአጎቴን ወረቀት ታሪክ ጸሐፊ ቢመረምረው የእኔን ስም ከየት ያገኘዋል?

ሕጋችንስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ምሁር በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። አማርኛው ከፈረንሳይኛውም ከእንግሊዝኛውም የሚለይባቸው ቦታዎች እንዳሉ የሕግ ሰዎች ሲከራከሩ ኖረዋል። ዳኛው ግን የሚፈርደው በአማርኛው ነው። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987ም ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲወጣ፣ ሁለቱ ቢለያዩ ግን አማርኛው የበላይ እንዲሆን ወስኗል። መንግሥት በአማርኛ ከተሳሳተ በአማርኛ ይያዛል ማለት ነው። ይህ ለአንድ ገበሬ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን የአጎቴን ወረቀት እንገልብጠው። ከግርጌው፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል «በዚህ ጽሑፍና በእንግሊዝኛው ቅጂ መካከል ልዩነት ቢኖር የእንግሊዝኛው ቅጂ ይጸናል» ይላል። ይህችን ዐረፍተ ነገር ደግሞ ያለ ማሽን፣ በራሴ እጅ፣ ከዓመታት በፊት የተረጎምኳት እኔ ነኝ። ከማኅደሩ ወጥታ ነው እዚያ የተቀመጠችው። ስተረጉማት ቆንጆ አማርኛ መሆኗን አይቼ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም። አሁን አጎቴ ፊት ቁጭ ብዬ ሳነባት ምን እንደምትል ገባኝ። ለሰውዬው በሚያውቀው ቋንቋ ቃል ይሰጡታል፤ ከዚያ በዚያው በሚያውቀው ቋንቋ «ቃላችን የሚጸናው አንተ በማታውቀው ነው» ይሉታል። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ይህችንም አነበቡና «እንግሊዝኛው ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። የጠዋት 4 ሰዓትና የቀኑ 10 ሰዓት እንደሚል ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እንዲያ ከሆነ እነሱ አልተሳሳቱማ!» አሉ። አሽሙር አልነበረበትም። ነገሩን ከልባቸው እየመረመሩ ነበር።

እዚህ ላይ የሥራ አስኪያጁን ወገን ይዤ ልከራከር፤ ሰውዬው ክፉ አይደለምና። ማሽኑ ባይኖር ያ ወረቀት በአማርኛ አይታተምም ነበር። አስመጪው ለጥቂት ሺህ ጠርሙስ ሙሉ የትርጉም ዋጋ አይከፍልም፤ ከፍሎም አያውቅም። ደግሞስ ሰው አይሳሳትም? እኔ ማሽን ሳላይ በራሴ አእምሮ የሠራኋቸውን ስሕተቶች ብዘረዝር መጽሔቱ አይበቃም። አንድ ጊዜ ሄክታርን ከጥማድ አደባልቄ የአንድ ወረዳ ሪፖርት አበላሽቻለሁ። ስለዚህ «ርካሽና አልፎ አልፎ የሚሳሳት አማርኛ ይሻላል ወይስ ጭራሽ አማርኛ አለመኖር?» የሚለው ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ለረጅም ጊዜ መልሱ ግልጽ መስሎኝ ነበር፤ ትንሽም ቢሆን መኖሩ ይሻላል እል ነበር።

አጎቴ ናቸው ያናወጡኝ። «ወረቀቱ ሳይኖር እንዴት ነበር የሚያደርጉት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እጠይቅ ነበራ» አሉ። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ይጠይቃሉ፤ እሱ ከሌለ አጠገባቸው የሚያለማውን ጎረቤት፣ ጎረቤቱም ካላወቀ ቀድሞ የረጨውን ሰው። እንግሊዝኛውን አለማወቃቸው ጠንቃቃ ያደርጋቸው ነበር። አማርኛው ሲመጣ መጠየቅ ተዉ። የተስተካከለ፣ ግሡ ቦታው ላይ ያለ፣ የማያወላውል አማርኛ ነበርና ማንን ይጠይቃሉ? የድሮው ማሽን አማርኛ ቢሆን ኖሮ ስቀውበት ወደ ባለሙያው ይሄዱ ነበር። ማሽኑ አማርኛ ባልቻለበት ዘመን ጉዳቱ ትንሽ ነበር። አሁን የሚያስፈራኝ አጣርቶ መናገሩ ነው።

በዚህ ነገር አባቶቻችን የተሻለ ወግ ነበራቸው ብል እንደ አጉል ተመጻዳቂ አልታይ። በትርጓሜ ቤት መምህሩ አንዱን ንባብ ሲፈታ «አንድም» ይላል፤ ሌላ ሊሆን የሚችለውን ፍቺ አጠገቡ ያስቀምጣል፤ እንደገናም «አንድም» ይላል። ተማሪው መንገዱ የት ላይ እንደሚከፈል ያያል። አንዱን ቃል በአንድ ብቻ መፍታት አልችልም ብሎ በአደባባይ መናገር ነው። ደግሞም ተርጓሚ ስም ነበረው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩትን ጳጳስ አባ ሰላማን «መተርጉም» ብለን ነው እስከ ዛሬ የምናውቃቸው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በራላምንና የዋሴፍን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት እጨጌ ዕንባቆም መሆናቸው ይታወቃል። ማሽኑ ግን «የጠዋት 10» ላይ ሲደርስ አላቅማማም። እሱ ባያቅማማ እኔ ማቅማማት ነበረብኝ፤ የሚከፈለኝም ለዚያች ማቅማማት ነበር። በቀን 30 ገጽ የሚያርም ሰው ግን ለማቅማማት ጊዜ የለውም። አሠራሩን ዘመናዊ ሲያደርጉ የቆጠቡት ጊዜ ያችኑ የማቅማማት ጊዜ ኖሯል።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩ። አዘነ፤ የልጁንም ጤንነት ጠየቀ። ከዚያ «ደንበኛው ግን ቅሬታ አላቀረበም» አለ። ደንበኛ ማለት ከፋዩ እንጂ አንባቢው አለመሆኑን እስከዚያች ቀን ድረስ አላሰብኩበትም ነበር። ዐረፍተ ነገሯ ከማኅደሩ እንድትሰረዝ ለመንኩት፤ አደርጋለሁ አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለ ሌላ መድኃኒት ሥራ ተላከልኝ። ያችው ዐረፍተ ነገር መጣች፤ አጠገቧ «መቶ በመቶ ተመሳሳይ፣ የጸደቀ» የሚል ምልክት አለባት፤ በተንጠለጠለች ቁልፍ ተቆልፋለች። መቶ በመቶ ለሚመሳሰል ዐረፍተ ነገር ክፍያ የለም፤ ስለዚህ አራሚው እንዲነካትም አይፈቀድም። ያጸደቃት እኔ ነኝ። ሥራውን ሳልሠራ መለስኩት። ጀግንነት አልነበረም፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሥራ ከዚያው ድርጅት ተቀብያለሁ። ኪራይ አለብኝ ብያለሁ። በቀን ከ10 ገጽ በላይ አልወስድም አልኩ፤ ገቢዬም በዚያው ልክ ሆነ።

አንዲት ነገር ግን አለች። ከአጎቴ ቤት ልወጣ ስል፣ ወረቀቱን የተረጎምኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። እስከዚያች ሰዓት አልነገርኳቸውም ነበር። ብዙ ጊዜ አዩኝ። የጠበቅኩት ቁጣ አልመጣም።

«ታዲያ ስምህን ለምን አልጻፍክበትም?» አሉኝ። «ስምህ ቢኖርበት እኮ ደውዬ እጠይቅህ ነበር። የጠዋት 10 ማለት ምን ማለት ነው ልጄ፣ እልህ ነበር።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድን። ባለ ሱቁ በሳጥን የቀሩትን ወረቀቶች አወጣልንና እኔና አጎቴ አንድ በአንድ በእስክሪብቶ አረምናቸው። ጸሐፊነቴን አይተው አጎቴ ቁጥሩን ለእኔ ተዉልኝ፤ እሳቸው ወረቀት ያቀብሉኛል። ባለ ሱቁ «ሰው ቢጠይቀኝ ማን አረመው ልበል?» አለ። በአንድ ካርቶን ላይ ትክክለኛውን ሰዓት፣ ከሥሩም ስሜንና ስልክ ቁጥሬን ጽፌ ከመደርደሪያው ራስጌ ለጠፍኩት። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሱቁ ዕቃ ከነመደርደሪያው ጠፋ። በኋላ ባለ ሱቁ ራሱ ደውሎ ቁጥሬን ጠየቀኝና እንደገና ጻፈው።

የሚደውለው ሰው ብዙ አይደለም። በወር አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት። ስለ ሰዓት ይጠይቁኛል፤ ስለ ቀን ይጠይቁኛል፤ ስለማላውቀው ስለ ፍየል በሽታም ይጠይቁኛል። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ።

ባለፈው ዓመት በአንድ የገበያ ቀን አንድ አፋር ደወለ። አማርኛው ስብርብር ያለ ነው። ለግመሎቹ መዥገር ማጥፊያ ገዝቶ ወረቀቱን የሚያነብለት አጥቷል። «በአፋርኛ የለም ወይ?» አለኝ። ጉግል በሰኔ 2016 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ ከጨመራቸው 110 ቋንቋዎች አንዱ አፋርኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ በስልክህ ላይ አለ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ፈንታ ሽማግሌው ዛፉ ሥር እንዳሉ ጠየቅኩት። አሉ አለኝ። ስልኩን እንዲሰጥልኝ ለመንኩት፤ ለባለ ሱቁም ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ነገርኩት።

ሽማግሌው ድምፃቸው ደክሟል፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ከነገርኳቸው በኋላ ግን ሞቅ አሉ። እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ እሳቸው በአፋርኛ ለሰውዬው ያሻግሩለታል። ሰውዬው ይጠይቃል፤ እሳቸው ለእኔ ይመልሳሉ። ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ሁለት ጊዜ ስልኩ ተቋርጦ እንደገና ደወልኩ። ሰዓቱ ላይ ስንደርስ «ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይበሉልኝ» አልኳቸው።

ወዲያው አልተረጎሙም።

«ቆይ» አሉኝ፤ «ፀሐይ የት ላይ ስትሆን?»